ቅቤው፣ የባትሪ ድንጋዩና የእኔ ራስ

ሥራ ከለቀቅሁ ወዲህ ቤቴ የመብራት ችሎት ሆኗል። ወደ በሽሎ በረሃ ለአደን የሚወርድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ጎራ ይላል። አንዱ ባለሦስት ድንጋይ ባትሪ ይዞ ይመጣና «አያ ዋሴ፣ ይሄ ይሻላል ወይስ ባለሁለቱ?» ይለኛል። ሌላው ከገበያ የገዛውን የባትሪ ድንጋይ መደብ ላይ ዘርግፎ «ከዚህ ውስጥ ነፍስ ያለውን ለዩልኝ» ይላል። እኔም ጢሜን እየዳበስሁ፣ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ እፈርዳለሁ። አምነውኝ ይሄዳሉ።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን የጀመርሁ ሰሞን ስለ መብራት የማላውቀው ነገር አልነበረም። እየሠራሁ ስሄድ ግማሹ ጠፋኝ። ጡረታ ስወጣ የቀሩኝ ጥርሴና ጥርጣሬዬ ብቻ ነበሩ፤ አሁንማ ጥርሴም እያለቀ ነው።

ባለፈው ሰሞን የመጣው ጠያቂ ግን እንደ ሌሎቹ ፈርጄ የምሸኘው አልሆነም። ስለ እሱ ለመጻፍ፣ መጀመሪያ እንዴት መብራት ተሸካሚ እንደሆንሁ መናገር አለብኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት እስቴ ላይ ነብርና ጅብ በከብቱ ላይ በርትተው ነበር። መካነ ኢየሱስ የተቀመጡት ሹም ሁለት ሰው ቀጠሩ፤ አንድ ተኳሽና አንድ መብራት ያዥ። ተኳሹ አያ ደምሌ ናቸው። መብራት ያዡ እኔ። ያን ሁሉ ጎበዝ ትተው ለምን እኔን እንደመረጡ እንጃ። ራሴ ትልቅ ነው፤ ምናልባት ለመብራት ማሰሪያ በቂ ቦታ አለው ብለው ይሆናል። ደመወዛችን አንዳንዴ በብር፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ «ቆዩ እስቲ» በሚል ቃል ይከፈለን ነበር።

«የምታድኑት በቀን ከሆነ መብራቱ ምን ያደርግላችኋል?» የሚለኝ ሰው አለ። ነብር ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ቀን ዋሻ ውስጥ ይተኛል። እኛም የምንሄደው ተኝቶ ሳለ ነው። ዋሻ ደግሞ እኩለ ቀን መሆኑን አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። ተኳሹ ሁለት እጁን ለጠመንጃው ይፈልጋል። መብራት ያዡም ገደሉን የሚወጣው፣ ዋሻው ውስጥም የሚድኸው በሁለት እጁ ነው። ስለዚህ መብራቱ ራስ ላይ መታሰር አለበት። እኔ ከአያ ደምሌ ኋላ ሆኜ በትከሻቸው ላይ አበራለሁ፤ እሳቸው በእኔ ብርሃን ይተኩሳሉ። ካህናቱ «መቅረዝ» የሚል ስም አወጡልኝ። መቅረዝ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይቆማል፤ እኔ ዋሻ ውስጥ እድኻለሁ። ልዩነታችን ያ ነበር።

ሹሙ ትልቅ ነገር ይወዳሉ። ከአስመራ አንድ መብራት አስመጡ፤ አምፖሉ ግንባር ላይ ይታሰራል፣ ከኋላ ሽቦ ይወርዳል፣ ሽቦው ወገብ ላይ ከታጠቁት የቆርቆሮ ሣጥን ይገባል፣ ሣጥኑ በድንጋይ የተሞላ ነው። ሲበራ የዋሻው ጣሪያ ላይ ያለችው የሌሊት ወፍ ጥርሷ ሳይቀር ይታያል። ክብደቱ ግን የመጅ ያህል ነበር። ዳገት ስወጣ ወደ ኋላ ይጎትተኛል፣ ቁልቁለት ስወርድ ይገፋኛል። አንድ ቀን የጅብ ዋሻ ስንገባ ሽቦው በቀጋ እሾህ ተያዘ። ራሴ ውስጥ፣ ቂጤ ውጭ ሆኖ ቀረሁ። ጅቡ በየት በኩል እንደወጣ አላየሁም። አያ ደምሌ «በአንተ በኩል አልወጣም፤ ቦታ የለም» አሉኝ።

በማግሥቱ አያ ደምሌ ባለሽቦውን መብራት ለሹሙ መልሰው፣ ባለሁለት ድንጋይ የሆነች አጭር ባትሪ ይዘው ወደ ቆዳ ሰፊ ሄዱ። ቆዳ ሰፊው በግንባር ዙሪያ የሚታሰር ጠፍር ሠርቶ፣ ከጆሮ በላይ ባትሪዋ የምትገባበት ኪስ ሰፋበት። ሹሙ አይተው ተቆጡ።

«ያን የመሰለ መብራት ትታችሁ ይችን ክብሪት ልትይዙ?»

«ጌታዬ» አሉ አያ ደምሌ፣ «የምንገድለው ነብሩን ነው እንጂ ዋሻውን አይደለም።»

አያ ደምሌ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ ቆይተው፣ በምን እንደሆነ እንጃ፣ ዜማውን አቋርጠው ጠመንጃ ያነሡ ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ንግግራቸው ከቁመታቸውም ያጥራል። ዋሻ ከመድረሳችን በፊት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንዱ ብቻ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሳየው ዓይን የታመሙ መስሎኝ ነበር። ለካስ የተጨፈነው ዓይን ጨለማውን ቀድሞ እየለመደ ነው፤ ዋሻው ውስጥ ሲገልጡት እኔ የማላየውን ያያል። እኔም ልሞክር ብዬ ጨፈንሁና ገደል ልገባ ስል በነጠላዬ ጎትተው አስቀሩኝ።

ድንጋይ ሲገዙ ባለሱቁ ያለቅሳል። አንድ በአንድ ያሸቱታል። ታቹን በአውራ ጣት ይጫኑታል፤ ያበጠ ከሆነ ይመልሱታል። ወረቀቱ የወየበውን አይነኩም፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ነው ይላሉ። ከዚያ ባትሪው ውስጥ ከተው ያበሩታል፤ ግን ወዲያው አይፈርዱም። «የመጀመሪያዋ ብርሃን ትዋሻለች» ይላሉ። ያረጀ ድንጋይም ሲያርፍ ከርሞ ሲነካ እንደ ሙሽራ ይደምቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚያዛጋው። ስለዚህ እንደበራ ያስቀምጡትና ከባለሱቁ ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ አማቱ ያወራሉ። እኒያ ብዙ የማይናገሩ ሰው ድንጋይ ሲገዙ ብቻ ወሬኛ ይሆናሉ! ወሬው ሲያልቅ ዞር ብለው ያያሉ። ነጭ ከሆነ ይገዛሉ፤ ወደ ማር ከዞረ «ተመስገን» ብለው ይወጣሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መንገድ ስንጀምር ከሁለቱ ድንጋዮች አንዱን ይገለብጡታል። ያን ጊዜ ባትሪው ከረጢት ውስጥ ተገፍቶ ማብሪያው ቢነካ እንኳ አይበራም። ዋሻው አፍ ስንደርስ ያቃኑታል። ይህን እኔ እንድሠራ አልፈቀዱልኝም። «አንድ እጅ ይገልብጠው፣ ያው እጅ ያቃናው» ይሉ ነበር።

ከእስቴ ወደ ጋይንት ተዛወርን። እዚያ የነበሩት ሹም ከነብሩ ይልቅ የእኛን ቁራሽ ይጠብቁ ነበር፤ እሱን ልተወው። የጉና ብርድ ድንጋዩን ያደነዝዘዋል። ትናንት ነጭ የነበረ መብራት ጧት ቀይ ይሆናል። አያ ደምሌ ድንጋዩን በብብቴ እንድይዝ አስተማሩኝ፤ ሲሞቅ ይነቃል። ዶሮ ዕንቁላል እንደምትታቀፍ ድንጋይ ታቅፌ ከረምሁ። ወደ ጉንጭ ሲያስጠጉት ሞቅ ያለ ድንጋይ፣ እኔ ሳልታቀፈው ከሞቀ፣ ከረጢት ውስጥ ሲበራ የዋለ ነው ማለት ነው። ይህንንም ተማርሁ። አሁን ሊቅ ሆንሁ አልሁ።

ከዚያ ወደ ስማዳ አዛወሩንና ሊቅነቴ ቁልቁል ተከተተ። በጋይንት እውነት የነበረው ሁሉ በስማዳ ቆላ ውሸት ሆኖ አገኘሁት። በቆላ ድንጋይ ሁሉ ይሞቃል። የበራውም ያልበራውም፣ የባትሪውም የሜዳውም። ጉንጭ ላይ ቢያስጠጉት ምንም አይናገርም።

ስማዳ ውስጥ ወገዳ በደረስን በጥቂት ሳምንት አንዲት ሴት ወደ ሹሙ ግቢ መጣች። ሕፃን አዝላለች። ስሟ እመት ዘነቡ ነው፤ ባሏ ሞቶባት፣ ከወገዳ በታች ገደሉ አፋፍ ላይ ትኖራለች። ሁለት ወይፈን አሳድጋ ለቀንበር ገርታ ነበር። አንዱን ነብር በላባት። ጎረቤቷም አንድ በሬ ብቻ ስለነበረው፣ የቀራትን ወይፈን ከእሱ በሬ ጋር መቀናጆ አደረጉት። ክረምቱ ደርሷል።

«ጌቶቼ» አለች፣ «ያ አውሬ ቀምሶታል፤ ይመለሳል። ይችን አንዷን ከደገመኝ የሚጾመው የእኔ ቤት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቴም ነው። ከዝናቡ በፊት ድረሱልኝ።»

በማግሥቱ ማለዳ ቤቷ ደረስን። ነብሩ የሚተኛበትን ዋሻ እረኞቹ አይተውት ነበር፤ ከአፋፉ ግማሽ ቀን ቁልቁል ይወስዳል። ልንወርድ ስንል እመት ዘነቡ በቅል ቅቤ ይዛ ወጣች።

በአገራችን ቅቤ የሚቀባው ገድሎ የተመለሰ ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ እሷም ታውቃለች። «አውቃለሁ» አለች፣ «ግን እስክትመለሱ የምታገሥበት ሆድ የለኝም። ዛሬ ልቀባችሁና ነብሩን እንደሞተ እቆጥረዋለሁ።»

አያ ደምሌ ወደ ኋላ አሉ። «እመት፣ ቅቤ ለገዳይ ነው። ገና ምን ገደልን?»

እኔስ? እኔ ሳትጠራኝ ጎንበስ ብያለሁ። ያን ጊዜ ጎፈሬዬ የወፍ ጎጆ ያህል ነበር። «እኔን ይቀቡኝ እመት፤ ሳልገድልም ራሴ ይደርቃል» አልኋት። ሳቀችና የዕንቁላል ያህል ዘግና ጎፈሬዬ መሐል አስቀመጠችው። ማለዳው ቀዝቃዛ ስለነበር ቅቤው እንደ ጉልላት ተተክሎ ቀረ። ጠፍሩን በላዩ አስራ አጥብቃ ሞከረችልኝ። ባትሪዋን አበራን፤ እንደ ንጋት ኮከብ ነጭ ናት። አያ ደምሌ ባትሪዋን ከጠፍሩ አውጥተው አንዱን ድንጋይ ገለበጡና ከረጢቴ ውስጥ ከተቷት። ቁልቁል ወረድን። እኔ በመንገድ ሁሉ ፉከራ እየገጠምሁ ነበር፤ ነብሩን በልቤ ሦስት ጊዜ ገድዬዋለሁ።

አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍን። አያ ደምሌ ውሃ ለመቅዳት ወደ ምንጩ ሄዱ። እኔም ዋሻው አፍ ስንደርስ ጊዜ እንዳናጠፋ ብዬ፣ እሳቸውን ለመርዳት፣ የተገለበጠውን ድንጋይ አቃናሁት። ከዚያ ከረጢቱን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርጌ ቀጠልሁ። ማብሪያው በመንገድ ተነክቶ ይሆን? እንጃ። ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፤ ከረጢት ውስጥ መብራት በርቶ ቢሆን እንኳ ማን ያያል?

ዋሻው አፍ ስንደርስ ባትሪዋን ከፈቷት። ሁለቱም ድንጋይ ቀጥ ብሏል።

«ነክተኸዋል?»

«አቅንቼልዎታለሁ አያ።»

ድንጋዩን ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ሞቋል። ግን የዋሻው ደፍ ሞቋል፣ ጠመንጃው ሞቋል፣ የእኔም ጆሮ ሞቋል። አበሩት። በዚያ ፀሐይ እኔ ነጭ መሰለኝ።

«የማር ቀለም አለው» አሉ።

«ኸረ አያ፣ ነጭ ነው!»

«ወጥተን ሌላ ድንጋይ ይዘን ነገ እንምጣ።»

«ተቀብቼ?» አልሁ። «ይሄን ሁሉ ቅቤ ተሸክሜ ባዶ እጄን እንዴት እመለሳለሁ? እመት ዘነቡ ምን ትለኛለች? የሰፈሩ ሴት ይሥቅብኛል!»

ለምን እንደሰሙኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሰምተውኝ የማያውቁ ሰው ያን ቀን ሰሙኝ። ምናልባት እሳቸውም የወይፈኗ ነገር አስጨንቋቸው ይሆናል።

ባትሪዋን ኪሷ ውስጥ ከተቱልኝ። ቅቤው ቀልጦ ጠፍሩን አርሶት፣ በአንገቴ ወደ ጀርባዬ ይወርዳል። ገባን። እሳቸው የጨፈኑትን ዓይን ገለጡ፤ እኔ በትከሻቸው ላይ አበራሁ። ዋሻው ወደ ግራ ይታጠፋል። ከታጠፍን በኋላ የነብሩ ሽታ ፊታችንን መታው። ከዚያ ሁለት ዓይን በራ።

አያ ደምሌ ምንሽራቸውን ወደ ትከሻቸው አነሡ። በዚህ ቅጽበት ነው ብርሃኑ የማር የሆነው። ከማር ወደ ፍም። ባትሪውን በመዳፌ መታሁት፤ እጄ በቅቤ ተንሸራተተ። ማብሪያውን ፈለግሁ፤ ጣቴ እንደ ዓሣ ሾለከ። ፍሙም ጠፋ።

«ተኛ!» አሉ።

ተኛሁ። ቀጥሎ የሆነውን በጆሮዬና በጀርባዬ ነው የማውቀው። አንድ ነገር ከፊታችን ተነሣ፣ አያ ደምሌ «ወይኔ» አሉ፣ ጠመንጃው ዓለት ላይ ተንኳኳ፣ ከዚያ አራት እግር በጀርባዬ ላይ ረግጦ ወጣ። ነብር ረግጦኝ አልቧጨረኝም። ለምን? እንጃ። ምናልባት አንሸራትቶት ይሆናል።

ውጭ ስንወጣ የአያ ደምሌ ቀኝ እጅ ከክርናቸው በታች ተዘልዝሏል። ነጠላዬን ቀድጄ በዚያው የመብራት ጠፍር አሰርሁት። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ዞረው ወደ ዋሻው ያያሉ።

«ባትሪዋን ትተሃታል» አሉኝ፤ «ግባና አምጣት። የመንግሥት ናት።»

ገባሁ። በጨለማ እየዳበስሁ አመጣኋት። ማንም ነብር ቢያገኘኝ ኖሮ በቅቤ የተለወሰ ዝግጁ ምሳ ነበርሁ።

በሳምንቱ ነብሩ ሁለተኛዋን ወይፈን በላ።

አያ ደምሌ ወገዳ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንድ ቄስ ቤት ተኝተው ሳለ እመት ዘነቡ ልትጠይቅ መጣች። ሕፃኑን አዝላለች። እጃቸውን አየች። «ነፍስዎ ተረፈ» አለች፤ «በሬ ይተካል።» ከምን እንደሚተካ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከምንም።

እኔ መሐል ዘልዬ ገባሁ። «የባለሱቁ ድንጋይ ነው እመት! አሮጌ ሸጦልን ነው!»

ራሴን አየችው። ፊቴን አላልሁም፤ ራሴን። ጎፈሬዬን ተላጭቼ ነበር።

«እንዲያ ነው?» አለችና ሄደች።

አያ ደምሌ እስቴ ዘመድ ቤት ያስቀመጡት አንድ በሬ ነበራቸው። አስነድተው አመጡት። ከጎረቤቷ በሬ ጋር ተቀናጀ፤ ሁለቱ ቤት ሊያርስ ሆነ። ግን የእመት ዘነቡን ማሳ ማን ይረስ? ጎረቤቷ የራሱን ሳይጨርስ ዝናቡ ሊቀድመው ነው። አያ ደምሌ በግራ እጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። የመንግሥት ደመወዝተኛው፣ ፉከራ የገጠመው ገዳይ፣ እርፍ ጨበጠ። እመት ዘነቡ ማሳው ዳር ቆማ የጻፍሁትን ትልም አየች።

«ይሄ ትልም ነው ወይስ እባብ የሄደበት?»

«እመት፣ በሬዎቹ ናቸው።»

«በሬዎቹማ ያርሱ ነበር፤ አንተ ነህ የምትፎክርባቸው።»

ያች ማሳ በዚያ ዓመት ጤፍ አበቀለች። ጠማማ ጤፍ ነው፣ ግን ጤፍ ነው። ነብሩን ቆይቶ አንድ ገበሬ በወጥመድ ያዘው። ቅቤውን እሱ ተቀባ፤ ከእሷ እጅ ግን አልነበረም።

ከእርሻው መልስ አንድ ቀን አያ ደምሌን ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ድንጋዩ አርጅቶ ነው? ቅቤው ገብቶበት ነው? ወይስ እኔ ስላቃናሁት ከረጢት ውስጥ ሲበራ ውሎ?»

«አላውቅም።»

«መቼም ከሦስቱ አንዱ ነው።»

«ወይም ሁለቱ። ወይም ሦስቱም።» ቀኝ እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ነበር፤ ጣቶቹ ከዚያ በኋላ ቃታ አልሳቡም። «ዋሴ፣ አንዱን መርጠህ ከፈረድህበት ሌሎቹን ሁለቱን ትፈታለህ። ድንጋዩን ምረጥ። ራስህን አድርቅ። ሌላ ሰው የገለበጠውን አትንካ።»

አያ ደምሌ ወደ ቤተ ልሔም ተመለሱ። በግራ እጅ ጽናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ አይቻቸዋለሁ፤ ከማኅበሩ ሁሉ የእሳቸው ዜማ ነበር ቀጥ ያለው። እኔ ከሌሎች ተኳሾች ጋር በየወረዳው ዞርሁ። ብዙ ነብር፣ ብዙ ጅብ፣ ከቁጥር የበዛ ጃርት አበራሁ። ሦስቱን ነገር ሳልጠነቅቅ ዋሻ ገብቼ አላውቅም። መብራቴም ከዚያ በኋላ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይሄ ነው ግራ የሚያጋባው፤ ሦስቱንም ስለጠበቅሁ የትኛው እንደሆነ ከቶ ሳላውቅ ቀረሁ። ጡረታ ስወጣ ባትሪዋን አስረክብ ተባልሁ፤ አስረከብሁ። ጠፍሩን ግን አልጠየቁኝም። ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ዛሬም ወዝ አለው።

እንግዲህ ያ እንግዳ የመጣው ባለፈው ሰሞን ነው። ረጅም ጎልማሳ፣ በእጁ ግንባር ላይ የምትታሰር አዲስ መብራት ይዟል። ተቀብያት በመዳፌ መዘንኋት፤ ከዶሮ ዕንቁላል አትከብድም። ሁለት ቀጫጭን ድንጋይ ከአምፖሉ ጀርባ ተኝቷል። ሽቦ የላት፣ ሣጥን የላት። ያን የአስመራ መጅ የተሸከምሁበት ወገቤ ቀናባት።

«አያ ዋሴ፣ ለበሽሎ ትሆነኛለች?»

«የማን ልጅ ነህ?»

«የእመት ዘነቡ። ከወገዳ በታች።»

«ያኔ የታዘልኸው ነህ?»

«እንዲያ ይላሉ። አስማረ እባላለሁ። ስለ መብራት አንቱን እንድጠይቅ የላከችኝ እማ ናት። ‹የበራለትን ሰው አትጠይቅ፤ የጠፋበትን ጠይቅ› አለችኝ።» ከኮሮጆው አንድ ቅል አወጣ። «ይሄንንም ልካለች። ቅቤ ነው። ‹ለሆዱ ነው እንጂ ለራሱ አይደለም በለው› ብላለች።»

ሳቅሁ። ሲሥቅ ግን አላየሁትም። ቅሉን መደቡ ላይ አስቀምጦ ጀመረ።

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እማ ‹ነብሩን ያስመለጠው የእኔ ቅቤ ነው፤ ሰውየው አፍሮ በባለሱቁ አመካኘ እንጂ ያውቀዋል› ትላለች። ‹ያለጊዜው ቀብቼ የሰው እጅ አስበላሁ› ትላለች። ከዚያ ወዲህ ማንንም አዳኝ ቀብታ አታውቅም። አምና እኔ ነብር ገድዬ ስመለስ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀባኝ። እሷ በር ላይ ቆማ አየችኝ፤ ቅሉን ግን አልነካችውም። እውነት ቅቤው ነው?»

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ግራ ገብቶኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ግራ ገብቶኝ አያውቅም። እኔ የባለሱቁን ስም የጠራሁት ራሴን ላድን ነበር። እሷ ያን ሁሉ ዓመት በቅሉ ላይ ፈርዳ ትኖራለች። እንጃ ልበለው? «እንጃ» የሚል መልስ ይዞ ቢሄድ እናቱ አዎ ብላ ነው የምትሰማው።

ተነሣሁ። ጠፍሬን ከግድግዳው አወረድሁ። ቅሉን ከፍቼ የዕንቁላል ያህል ዘገንሁና መላጣዬ ላይ ለጠፍሁት። ልጁ አፉን ከፈተ።

«ዝም ብለህ እይ» አልሁት። ለሰው የማውሰው አሮጌ ባለሁለት ድንጋይ ባትሪ አለኝ። መዝጊያውንም ማብሪያውንም በቅቤ ለወስሁት። ጠፍሩ ኪስ ውስጥ ከትቼ በራሴ ላይ አሰርሁ። መስኮቱን ዘጋን። ማብሪያውን ገፋሁ።

በራ። ነጭ። ወዲያው አልፈረድሁም፤ አያ ደምሌ እንዳስተማሩኝ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናቱ ጤና አወራን። ወሬው ሲያልቅ ዞር ብሎ አየው። አሁንም ነጭ ነው።

«አየህ?» አልሁት። «ለእናትህ በላት፤ ቅቤው ንጹሕ ነው። በዓይኔ አየሁ በላት። ከእጇ የተቀባ ሰው ደግሞ ነብር ጀርባውን ረግጦት ሳይቧጭረው ሄዷል፤ ይሄንንም ጨምርላት።»

ፊቱ ሲበራ ባትሪው አላስፈለገም። አዲሷን መብራት ገልብጬ ድንጋዮቿን አሳየሁት፤ የሦስቱን ነገር ደንብ ነገርሁት። «ስትመለስ ትቀባህ» አልሁት፤ «ስትመለስ ግን! ከመሄድህ በፊት ራስህን ለማንም ጎንበስ አታድርግ። እናትህ ብትሆንም።»

ሄደ።

አንድ ነገር ብቻ አልነገርሁትም። ቤቴ ጋይንት ነው፤ ደጋ። ያን ቀን ብርዱ ጥርስ ያማታ ነበር። ቅቤው ከራሴ ላይ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አልቀለጠም፣ ወደ ባትሪው ጠብ ያለ ነገር የለም። በዚህ ብርድ የቆላን ቅቤ ነጻ ያወጣ ዳኛ ከእኔ በፊት ተሰይሞ አያውቅም። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ዛሬም እንጃ።

ማታውን ከራሴ ላይ ፍቄ በገንፎ በላሁት፤ እንዳለችው ለሆዴ ሆነ። ድመቷ ግን እስከ ዛሬ ትራሴን አትለቅም። ምንም ሳይገድል ሁለት ጊዜ የተቀባ ሰው፣ ከእስቴ እስከ በሽሎ ብትፈልጉ፣ ከእኔ ሌላ የምታገኙ አይመስለኝም።